ስማቸውን ያልጻፍንላቸው፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ዩኒቨርሲቲያችን



የመጽሔት ኮሚቴው «አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ አምጪ» ሲለኝ፣ ስለ ሕክምና ፋኩልቲያችን እንድጽፍ እንደተጠበቀ ገብቶኛል። ጥቁር አንበሳ ያስተማራት ሐኪም ስለ ጥቁር አንበሳ ብትጽፍ የሚደንቅ አይደለም። ነገር ግን ለዝግጅት ብዬ ያለፉትን መጽሔቶቻችንን ሳገላብጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። ፕሮፌሰሮቻችንን በየስማቸው አመስግነናል። የስድስት ኪሎን ዛፎች፣ የኬኔዲን ቤተ መጻሕፍት፣ የካፌውን ሰልፍና የዶርሙን ሁከት ሳይቀር አስታውሰናል። እዚህ በር ድረስ ያደረሱንን ሰዎች፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ መምህራኖቻችንን ግን አንድም ቦታ አላነሳናቸውም። ሁላችንም አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖን ከሰማይ የወረድን ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ ለእነሱ ላድርጋት። ታሪኩን ካወቅነው፣ ባለዕዳዎች እኛ ተማሪዎቻቸው ብቻ አይደለንም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የእነሱ ባለዕዳ ነው።

ከሁለተኛ ደረጃ የተወለደ ዩኒቨርሲቲ

ነገሩ የሚጀምረው ከምኒልክ ነው። በ1900 ዓ.ም. ግድም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪ ከየት ይምጣ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ስጋት በቤተ ክህነት በኩል ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ይልቅ ከግብፅ የኮፕት ክርስቲያን መምህራንን አስመጡ። ሐና ሳሊብ የተባሉት ግብፃዊም የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ሆኑ።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ደግሞ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። እዚህ ላይ ሐኪም በመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ስም አለ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። በመቅደላ ጦርነት ማግስት በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ ቻርለስ ማርቲን ተብለው አድገው፣ ሕክምና ተምረው በኋላ አገራቸውን ያገኙት ሰው ናቸው። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ተብለው የሚጠሩት እኚሁ ሰው፣ አገር ሲፈልጋቸው ክሊኒክ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ገብተዋል። እኛ ሐኪሞች ወርቅነህን «የእኛ» ስንል መምህራኑም «የእኛ» ቢሉ መብታቸው ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ እቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከተለ። ከዚያ ጣልያን ገባ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለቀሙ ፈጁት። ነፃነት ሲመለስ ትምህርት ቤቶችን እንደገና የሚከፍት የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጀኔራል ዊንጌት ሲከፈቱ አብዛኞቹ መምህራን እንግሊዛውያን የሆኑት ለዚህ ነው። ተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለካናዳ ኢየሱሳውያን ተሰጠ። መነኮሳት ቢሆኑም የምንኩስና ልብስ እንዳይለብሱና ሃይማኖት እንዳይሰብኩ ቃል አስገብተው ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ያመጧቸው። ስለዚህ ተማሪው «አባ» ሳይሆን «ሚስተር»፣ «ዶክተር» እያለ ኮትና ክራባት ያሰሩ መነኮሳትን ለመደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም፣ እንዲመሩት የተጠሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከየት ተጠሩ? ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት። ከሃርቫርድ ወይም ከኦክስፎርድ አልመጡም፤ የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ የኮሌጁ መምህራንም አንዳንዶቹ አብረዋቸው ከዚያው ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። መቶ የማይሞሉት የመጀመሪያ ተማሪዎች ደግሞ የእነዚሁ ጥቂት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ነበሩ። ኮሌጁ አድጎ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ስለ ሁለተኛ ደረጃ «ከበታች ያለው» እየተባለ ሲወራ ስሰማ ይገርመኛል። ልጅ እናቱን «ከበታቼ ያለችው» ብሎ ይጠራል እንዴ?

ከሩቅም ከቅርብም

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመስፋፋት ታሪክ ነው። ትምህርት ቤት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጣ፤ መምህር ግን እንደ ሕንፃ በአንድ ክረምት አይሠራም። ክፍተቱን የሞሉት ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች ናቸው። ሕንዳውያን መጡ፤ ብዙዎቹ ከኬረላ፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት ሆነው፣ ባል ፊዚክስ ሚስት ሒሳብ። በ1955 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ከ250 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት አንድ ላይ ገቡ፤ ብዙዎቹ ከእኛ የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት የሚያንሱ ወጣቶች ነበሩ፤ በየአውራጃው ከተማ ተበትነውም አስተማሩ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተራ መጣ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ደንብ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ሆነ፤ አብዛኛውም የተመደበው መምህር ሆኖ ነው። ሁሉም በደስታ አልሄደም። ግን የዚያ ዘመን ሰዎች በዚህ መጽሔት ሲጽፉ የማይረሱት ዓመት የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ፤ ያ አንድ ዓመት ነው። አገራቸውን ያዩበት። አንዳንዶቻችሁ ያኔ ያስተማራችኋቸው ልጆች ኋላ እዚህ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ሆነዋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከዘመቻው መልስ የደረሰውን የዚያ ትውልድ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በየመምህራን ክፍሉ ባዶ የቀረ ወንበር ነበር። ያንን ወንበር የሞሉት አብዛኞቹ ከኮተቤና ከሌሎች ኮሌጆች በዲፕሎማ የወጡ፣ ደመወዛቸው አነስተኛ፣ ክፍላቸው የታጨቀ መምህራን ናቸው። እኔን ያስተማሩኝም እነዚህ ናቸው።

ክሊራንስና ኦቶግራፍ

የተማርኩት ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ አንዲት ከተማ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርት ቤቱ እንደ ልጅ በየዓመቱ ልብሱ እያጠረው ነበር። ሁለት ረድፍ የብሎኬት ክፍሎች ነበሩ፤ ወላጅ አዋጥቶ ከጀርባ በጭቃ የሠራቸው ሦስት ክፍሎች ተጨመሩ፤ ያም አልበቃም። በፈረቃ ሆንን፤ ጠዋት እኛ፣ ከሰዓት ሌሎቹ። በአንድ ክፍል ከሰማንያ በላይ ነበርን። በአንድ ዴስክ አራት። የባዮሎጂ ቤተ ሙከራው ቁልፍ ጠፍቶ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንቁራሪት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አየን።

በ1990 ዓ.ም. ማትሪክ ከተፈተንን በኋላ ሁላችንም እንደ ልማዱ ኦቶግራፍ ይዘን ዞርን። የዛሬ ልጆች አያውቁትም ይሆናል። ጠርዙ ያጌጠ ትንሽ ደብተር ነው፤ ጓደኛም መምህርም የስንብት ቃል ይጽፍበታል። የእኔ እስከ ዛሬ አለ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ከሻንጣ ውስጥ አወጣሁት።

ዳይሬክተራችን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈውልኛል፤ ስለ አገር ተረካቢ ትውልድ። ሳስበው ለሁሉም ያንኑ ነው የጻፉት፤ አልፈርድባቸውም፣ ተመራቂው ብዙ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህራችን «ጻፊልኝ፣ ስሕተትሽን አርሜ እልክልሻለሁ» ብሏል። ሁለት ጊዜ ጽፌለታለሁ፤ ሁለቱንም በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ላከው።

የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ «የወሰድሽውን መልሺ» ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ስቄያለሁ፤ ምክንያቱም ክሊራንስ ልታስፈርም የመጣች ተማሪ ስም ላይ አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ ነበረ፣ ያችም እኔ ነበርኩ። ዘበኛው ጋሼ ራሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ እየነገሩኝ በእጄ አጻፉኝ፦ «በሩ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። የትም ብትሄጂ በሩ ይዘጋል።» ሦስት ዓመት ሙሉ በማርፈድ ያስቸገርኳቸው ልጅ ነበርኩ።

የባዮሎጂ መምህራችን ግን አንድ መስመር ብቻ ናት የጻፉት። «የማታውቂውን፣ አላውቅም በይ።»

እኔ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። የክፍሉ አንደኛ ለሆነች ልጅ «አላውቅም በይ» ምን ዓይነት ምርቃት ነው? ትርጉሙ የገባኝ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ኢንተርን ሆኜ በሌሊት ተረኛ ሳለሁ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን መጣ፤ ካርዱ ላይ የሳንባ ምች ተብሎ ተጽፏል። መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። ግን ትንፋሹ ፈጣን ብቻ ሳይሆን ጥልቅ ነበር፤ ደረቱን ስሰማው ደግሞ ንጹሕ። አንድ ነገር አልገጠመልኝም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲኒየር ሐኪም መቀስቀስ ለኢንተርን ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀሰቀስኩት። «ምንድን ነው?» ሲለኝ «አላውቅም» አልኩት። ስኳሩ ሲለካ ጣራ ነክቶ ነበር። ሕፃኑ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ደሙ አሲድ ስለሆነበት ነው እንዲያ የሚተነፍሰው። ዳነ። ያ ቃል በየትኛውም የሕክምና መጽሐፌ ላይ በዚያ አጭርነት ተጽፎ አላገኘሁትም።

እንደ ለቅሶ የተቀመጥንበት ቤት

ይህ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ደስ የማይለውን ልጽፈው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ።

ምደባ ሲወጣ ለእኔ ሕክምና ደረሰኝ። አጠገቤ ለምትቀመጠው፣ ከእኔ በሁለተኛነት ለተከተለችው ጓደኛዬ ደግሞ የመምህራን ትምህርት ደረሳት። እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤት እልል አለ። ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። እኔም ገብቼ አቀፍኳትና «አይዞሽ፣ አንድ ዓመት ተማሪና ትቀይሪያለሽ» አልኳት። ጮክ ብዬ። ሌላው ሁሉ «አዎ፣ አዎ፣ ትቀይራለች» አለ።

ቀና ስል የባዮሎጂ መምህራችን ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «እንኳን ደስ አለሽ» ሊሏት ነበር የመጡት።

ስኒያቸውን አስቀመጡና ተነሱ። ለእኔ ምንም አላሉኝም። ለእሷ በሩ ላይ ቆመው «ክፍል ስትገቢ አልቅሰሽ አትግቢ። ልጆች ያውቃሉ» አሏትና ሄዱ።

እኛ፣ የእሳቸው ምርጥ ተማሪዎች፣ እሳቸውን መሆን እንደ ሞት ቆጥረን እፊታቸው ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ይህ የእኔ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ያን ጊዜ የትምህርት ፋኩልቲ የነጥብ ማነስ መቀጫ ይመስል ነበር፤ ጎበዝ ልጅ የደረሰው እንደሆነ ደግሞ ስሕተት ነው የሚባለው። ለዚህች ጽሑፍ ብዬ ከእኔ ጋር ወደ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ የመጡትን የትምህርት ቤቴን ልጆች ቆጠርኳቸው። መምህር መሆን ፈልጎ የመጣ አንድ አላገኘሁም። ያንን እያደረግን ሃያ አምስት ዓመት ቆየን። አሁን ደግሞ «የትምህርት ጥራት ወደቀ» ብለን እንገረማለን።

አውቶቡሱ በር ላይ

አምና ወደዚያ ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጓደኛዬ ጠርታኝ ነው። አልቀየረችም። ዛሬ ምክትል ርዕሰ መምህር ናት፤ ባዮሎጂም ታስተምራለች። ግቢው አልታወቀኝም። ባለ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ የጭቃ ክፍሎቻችን ያሉበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። የመምህሩም ቁጥር በእኛ ጊዜ ከነበረው በብዙ ይበልጣል። «አደገ» አልኳት። «ሰፋ» ብላ አረመችኝ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ትዝ ይላችኋል። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በሁለቱም ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ከእሷ ትምህርት ቤት ጥቂት ልጆች አልፈዋል። «ጥቂት» ስትል ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራችልኝ፤ ያን ያህል ጥቂት።

እኔ ልጠይቃት የፈለግሁት ስለ ስንብት ምክር ነበር። የእኛ መምህራን ሲመክሩን አብዛኞቻችን ወደ አንድ ቦታ እንደምንሄድ አስበው ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እንደታየው ከመቶው ዘጠና ስድስት ወይም ዘጠና ሰባት ሲወድቅ፣ መምህር ቆሞ ምን ይላል?

እንዲህ አለችኝ። «ፈተናው አሁን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ነው የሚሰጠው፤ ልጆቹን በአውቶቡስ ነው የምንሸኘው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዘው። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያድሩት በሕይወታቸው እነዚያን ቀናት ብቻ ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም። በር ላይ ቆሜ ‹ፈተና ሰውን አይለካም› አልላቸውም። ውሸት ነው፤ ይለካቸዋል። እኔ የምላቸው ‹ውጤቱ ሲመጣ፣ የፈለገው ይሁን፣ መጥታችሁ ንገሩኝ› ነው።»

«ይመጣሉ?»

«ያለፉት ወዲያው ይመጣሉ። የወደቁት አይመጡም። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ።»

ደብተሯን አሳየችኝ። የሁሉም ስም አለበት፤ የመጣ ምልክት ተደርጎለታል። ያልመጣውን በየቤቱ ሄዳ ትፈልገዋለች። ማን ለአቅም ማሻሻያ ይበቃል፣ ማን ቴክኒክና ሙያ ቢገባ ያዋጣዋል፣ ማን እንደገና ይፈተን፣ የትኛዋ ልጅ ደግሞ ደላላ እጅ ገብታ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፤ ይህን ሁሉ በእግሯ ነው የምታጣራው። ለዚህ ሥራ የሚከፍላት የለም። ከባልደረቦቿ ሁለቱ በደመወዝ ማነስ ሥራውን ለቀው ሄደዋል፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። «ከእኔ በወር የሚበልጥ ያገኛል፤ አልፈርድበትም» አለችኝ።

በኋላ ቡና ስንጠጣ ያን ቀን ቤቷ ያልኩትን አነሳሁባትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ልክ ነበርሽ እኮ። ለመቀየር ሁለት ጊዜ ፎርም ሞልቻለሁ፤ አልተሳካም። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል የገባሁት አልቅሼ ነው፤ ልጆቹም አወቁ።» ትንሽ ዝም አለችና «ይቅርታውን ተይውና ዶክተር፣ ቤተ ሙከራችን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ የለውም» አለችኝ።

የባዮሎጂ መምህራችን ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ሄድን። እኔን አላስታወሱኝም፤ «ስንት ልጅ አስተማርኩ መሰለሽ» አሉኝ፤ ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እሷን ግን ገና ድምፅዋን ሲሰሙ በስሟ ጠሯት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጎን ለጎን አስተምረዋል። የእሳቸው ኩራት ማን እንደሆነች ለማወቅ ጥያቄ አላስፈለገኝም።

ለማኅበራችን

ረጅም ንግግር አላበዛም፤ ሦስት ነገሮችን ብቻ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በሚቀጥለው መጽሔት እያንዳንዳችን ከስማችንና ከተመረቅንበት ዓመት ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን ስም እንጻፍ። አንድ መስመር ብቻ ናት። አንድ ላይ ስትታይ ግን ይህ ዩኒቨርሲቲ ከየት እንደተሠራ የምታሳይ ካርታ ትሆናለች።

ሁለተኛ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ያስተማራችሁ አባላት፣ የት እንዳስተማራችሁና ምን እንዳያችሁ ጻፉልን። ያ ታሪክ ከእናንተ ጋር እንዳይቀበር።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ቀን ወደመጣንበት ትምህርት ቤት እንሂድ። ልናስተምር ወይም ልንመክር ላይሆን ይችላል፤ ምን እንደጎደለ ጠይቀን ለመስማት ብቻ ይሁን። በትምህርት ፋኩልቲ ያላችሁ የተከበራችሁ መምህራን ደግሞ፣ ዘንድሮ የሚመጡላችሁን ልጆች ስትቀበሉ ከእነሱ መካከል ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጦላቸው የመጡ እንዳሉ አስቡልኝ።

እኔ ማይክሮስኮፕ ገዝቻለሁ፤ አንድ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሁለተኛውን እያዋጣን ነው። የቤተ መጻሕፍቷ እትዬ ኦቶግራፌ ላይ የጻፉትን አሁን ስመለከተው፣ ያን ጊዜ ስለ መጽሐፉ ብቻ ነው የመሰለኝ።